ዓይን እንጂ ጣት የሌለው መልእክተኛ

አንድ ቀን ገበያ ውላችሁ የገዛችሁት ነገር ሁሉ ምርቃት ከበዛበት፣ ደስ አይበላችሁ። ቶሎ ወደ ቤት ተመለሱና ማን እንደ ጎደለ ቁጠሩ። እኔ ይህን የተማርሁት አምና ጥር ውስጥ፣ አርብ ገበያ ላይ ነው። ጨው የሰፈረችልኝ ሴት ጨርሳ ሳለች ሁለት እፍኝ ጨመረች። ሽንኩርት የሚሸጠው ሰውዬ ሳልጠይቀው ደህና ደህናውን መረጠልኝ። ለእናቷ እንኳ ምርቃት አትሰጥም የምትባለው በርበሬ ሻጭ ደግሞ ዓይኔን እየሸሸች አንድ ጣሳ ሙሉ ደፋችልኝ። ስመለስ መንገደኛው ሁሉ አህያውን ወደ ዳር እየገፋ አሳለፈኝ። እንዴት ያለ የተባረከ ቀን ነው እያልሁ ቤቴ ገባሁ።

ገበያው በሙሉ ባለቤቴ መሞታቸውን ያውቅ ነበር።

ለአስተርእዮ ማርያም በዓል ወደ ስማዳ ተጠርተው ሄደው፣ እዚያው ታመው፣ ሐሙስ ዐርፈው፣ እኔ ጨው ሳስሰፍር እሳቸው ይቀበሩ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ ቅዳሜ ሲነጋጋ ነው። ደንቡን ታውቁታላችሁ። መርዶ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ሽማግሌና ካህን ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከያለበት ተጠርቶ፣ ሰውዬው ከቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ቆሞ የሰማ ይወድቃል፤ መንገድ ላይ የሰማ ገደል ይገባል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ አገሩ ሁሉ ዝም ይላል፣ ዝምታው ሲከብደው ትንሽ በርበሬ ይጨምርበታል። ደንቡ የደግ ሰው ደንብ ነው፤ አልተቀየምሁበትም። ነገር ግን ያን ዓርብ ስለ ተደበቀብኝ እንደዚያ የተንገበገብሁ ሴት፣ ዓመት ሳይሞላ እኔው ራሴ ደባቂ ሆኜ ተገኘሁ። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ባለቤቴ መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነበር የምላቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸውና። ጓደኞቻቸው "ሚስቱን ማንበብ ያስተማረ ሰው ደብዳቤውን የት ይደብቃል?" እያሉ ሲተርቧቸው፣ "እሷ ሳታነበውም ታውቀዋለች፤ ካነበበችው ቢያንስ አጣርታ ትቆጣኛለች" ይሉ ነበር። ድጓን፣ ያን የዓመቱን ዜማ በሙሉ፣ ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ደብር ተምረው መጥተው እኛ ደብር ዋርካ ሥር ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖሩ። ተማሪ ከየአገሩ ይመጣል፤ ይማራል፤ ይሄዳል። የሄደ ተማሪ እንደ ተለቀቀ ርግብ ነው። አድራሻ ትቶ የሚሄድ ርግብ አይቼ አላውቅም።

ከነዚያ ሁሉ አንዱ አዳነ ነው። የእስቴ ሰው፣ ያኔ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጎልማሳ፣ ድምፁ ሲነሣ በሬ ማመንዠጉን የሚተው። የኔታ እንደሚወዱት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው አዳነ ብቻ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ላይ ሳሉ ከጋቢው ሥር ስልክ አገኙበት። የኔታ ሲያዜሙ ድምፃቸውን እየቀዳ ነበር። እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አላየኋቸውም። ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው፣ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አይበስልም አሉት። ቅስናም ነበራቸውና በዚያው በሥልጣናቸው ገዘቱት፦ ያን ድምፅ ለማንም እንዳያሰማ፣ ራሱም ወንበር ዘርግቶ ድጓ እንዳያስተምር። አዳነ ምሳውን ሳይበላ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመታት አለፉ፣ አልተመለሰም።

ቁጣ በርዶ ጸጸት ሲመጣ መንገደኛው ርቋል። የኔታ ጸጸታቸውን በአፋቸው አልተናገሩም። ውሻው በጮኸ ቁጥር ግን ቀና ይሉ ነበር። ለስማዳው በዓል የወጡ ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ከበሩ ላይ ዘወር አሉና፣

"አዳነ ድንገት ከመጣ ፈትቼዋለሁ በይው" አሉኝ።

"ራስዎ አይነግሩትም?" አልኋቸው።

"የት አግኝቼው። አንቺ ግን ከቤት አትጠፊም።"

የመጨረሻ ቃላችን ይህ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውዬው የትም ይሁን የት ታስሮ ይኖራል፣ ያሰረው ሞቷል፣ ቁልፉ እኔ እጅ ቀርቷል። ደግሞ ሌላም አለ፣ አልዋሻችሁም። የኔታ ድምፅ ከሣጥን መግባቱን ስለ ጠሉ፣ በዓለም ላይ ድምፃቸው የቀረው በዚያ በተገዘተ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ፊታቸው በፎቶ አለ፤ ድምፃቸው ግን ከእኔ ዘንድ በየዕለቱ እየሳሳ ይሄድ ጀመር። አንድ ማለዳ "እንዴት አደርሽ" ሲሉኝ እንዴት ነበር የሚሉት ብዬ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። የእስቴ ሰው መሆኑን እንጂ መንደሩን አላውቅም፤ ቢሆንም ሙት ዓመታቸው ሳይደርስ አዳነን ማግኘት አለብኝ አልሁ። ሙት ዓመቱ ደግሞ የሰውን ጭንቀት አይቶ አይዘገይም።

የእህቴ ልጅ ስርጉት መካነ ኢየሱስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ክረምት ልትጠይቀኝ መጥታ ጭንቀቴን ስትሰማ፣ ለየኔታ ድረ ገጽ እንክፈትላቸው አለች። ዛሬ ዲያቆኑም ቄሱም ስልክ ይዟል፤ አዳነም አንድ ቀን የመምህሩን ስም ጽፎ መፈለጉ አይቀርም፤ ሲፈልግ ያገኛል፣ ሲያገኝ ያነባል፣ ሲያነብ ይፈታል። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ደስታዬን የማበላሸት ልማድ አለኝና ወዲያው ግዴታ ደረደርሁ።

መርዶው በር ላይ አይሁን አልሁ። የመጣ ሰው መጀመሪያ ይግባ፣ ፎቷቸውን ይይ፣ ልቡ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይነገረው። "ይትባረክ" የሚለውም ስም ቢሆን ከ"ዐርፈዋል" ጋር ተጎራብቶ አደባባይ እንዳይሰጣ። የግዝቱ ነገር የንስሐ ነገር ነው፤ አላፊ አግዳሚው እንዳያነበው። ስመ ጥምቀታቸውማ ጨርሶ ከደጅ አይታይ። ስመ ጥምቀት ያወቀ ክፉ ሰው ምን ምን እንደሚያደርግበት እኛ አገር ለሕፃን አይነገርም።

"አክስቴ፣ ኢንተርኔት ላይ እኮ መቀመጫ የለም፤ የመጣ ሁሉ ቆሞ ነው የሚያነብ" አለችኝ።

"እንግዲያውስ መጋረጃ ስፊለት" አልኋት።

ሰፋችለት። ስርጉት ብልህ ናት፤ ጥፋቷ እኔን መታዘዟ ነው። ድረ ገጹን የከፈተ ሰው የሚያየው የየኔታን ፎቶ፣ ከሥሩም "እንኳን ደህና መጡ፤ ፎቶውን ይንኩ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ሲነካው ብቅ ባይ መስኮት ትከፈታለች። ስማቸው፣ ዕረፍታቸው፣ ስመ ጥምቀታቸው፣ "አዳነ ሆይ፣ የኔታ ፈትተውሃል" የሚለው ቃል፣ ሁሉም እዚያች መስኮት ውስጥ ነው። ሳየው እንባዬ መጣ። ቤተ መቅደስ መሰለኝ። ከዚህ የበለጠ ጨዋ መርዶ ማንም አላረዳም ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ሥራዬ አንድ ሆነ። አርብ ገበያ ኔትወርኩ ደህና ስለሆነ፣ የምገዛውን ሳልገዛ ጥግ ይዤ እቀመጥና ስልኬ ላይ "መሪጌታ ይትባረክ" ብዬ እጽፋለሁ። አዳነ የሚያየውን ልይ ብዬ ነው። ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? በዓለም ላይ ያለ መሪጌታ ነኝ ባይ ሁሉ ተሰልፎ መጣ። ገበያ የሚያስቀና፣ ሙግት የሚያስረታ፣ መስተፋቅር የሚሠራ። አንዱማ "የሄደ ባል በሦስት ቀን እንመልሳለን" ይላል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሥሩ "ስመ ጥምቀትዎን ይላኩልን" የሚል አለ። ይኸው፣ ደብቄ ደግ አደረግሁ አልሁ። የእኔ የኔታ ግን ከሰልፉ ውስጥ የሉም። በመጀመሪያውም ገጽ የሉም፣ ጣቴ እስኪደክም ባወርደውም የሉም።

መስከረም አለፈ። ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ሚካኤል ዋለ። አንድ ዓርብ ከድሮ ተማሪዎች አንዱ፣ አሁን ከቆላው ማዶ አንድ ሩቅ ገጠር ደብር የሚያገለግል ቄስ፣ ገበያ መሐል አገኘኝና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። የየኔታን ድረ ገጽ ሰው አድራሻውን ጽፎ ሰጥቶት አይቶት ኖሯል። ፎቷቸውን ሲያይ ጊዜ ስልኩን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ተሳለማቸው። ከንፈሩ ፎቶውን ቢነካ አንድ መስኮት ብቅ አለበት። "የቁማር ማስታወቂያ መስሎኝ ደንግጬ ዘጋሁት፤ እነዚያ ብቅ እያሉ ስንቱን ካህን አሳሳቱት መሰልዎት" አለኝ። ከዚያ ደስ ብሎት "የኔታ ደኅና ናቸው አይደል?" ሲል ጠየቀኝ።

ገበያ መሐል ነን። ቆሟል። አህያው ተጭኗል፣ መንገዱ ገደላ ገደል ነው። ምን ልበለው? ዳቦ ይዤ ነበር፤ ቆርሼ ሰጠሁት። ቤት ሳታርፍ አትሄድም ብዬ ይዤው ሄድሁና፣ የነፍስ አባቴን አስጠርቼ፣ አብልቼ፣ አስቀምጬ ነገርሁት። አለቀሰ። ሲያለቅስ እኔ የማስበው ግን ያን በርበሬ ነበር።

በማግስቱ ለስርጉት ደወልሁ። የሰው ልጅስ መስኮት ሲያይ ይደነግጣል፣ ማሽኑን ምን አስደነገጠው አልኋት። መጀመሪያ ድረ ገጹን ከፍታ አየችው። ከዚያ አስተማሪነቷ መጣባት።

"መፈለጊያው መልእክተኛ ይልካል፤ መልእክተኛው በየድረ ገጹ እየዞረ ያየውን መዝግቦ ይመለሳል" አለችኝ። "ግን ዓይን እንጂ ጣት የለውም። ፎቶ ንካ ቢሉት አይነካም።"

"እሺ፣ ባይነካስ? መጋረጃ ቢጋረድም እኮ ዕቃው ከቤት አለ።"

"ከቤት ቢኖርማ ያነበው ነበር። ተሸፍኖም ቢሆን ከገጹ ጋር አብሮ የመጣውን ጽሑፍ ያገኘዋል። አንቺ አጥብቂው ስላልሽኝ፣ እኔ ሰው ካልነካው ከሌላ ቦታ እንዳይመጣ አድርጌ ነው የሠራሁት። ለመልእክተኛው ያ ቤት ባዶ ነው። አንድ ስም የሌላቸው ሽማግሌ ፎቶና እንኳን ደህና መጡ ብቻ።"

መድኃኒቱን ጠየቅኋት። መስኮቷን ትቶ ለጽሑፉ የራሱ ገጽ፣ የራሱ አድራሻ መስጠት ነው፤ ፎቶው ሥርም ስማቸውን ጽፎ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ማኖር፣ ማንም ሳይነካ ሳይገፋ የሚነበብ። ማለትም መርዶውን፣ ግዝቱንና ስመ ጥምቀቱን አደባባይ ማውጣት። ስርጉት ያን ያህል ቀን እንዳላስተዋለችው ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ይቅርታዋን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። የምሰማው የአዳነን ጣቶች ነበር፤ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የመምህሩን ስም ሲጽፍ፣ መልሱ ባል መላሾች ብቻ ሲሆኑበት።

ሦስት ቀን አልወሰንሁም። ግማሹ ልቤ ክፈችው ይላል። ግማሹ ደግሞ የኔታ በሕይወታቸው ስመ ጥምቀታቸውን ለጎረቤት ያልነገሩ ሰው፣ ሲሞቱ ከመስተፋቅር ነጋዴ ጎን ልታሰልፊያቸው ነው ይለኛል። በአራተኛው ቀን የነፍስ አባቴ አባ ገብረ መድኅን ዘንድ ሄድሁ። አባ እድሜያቸው ገፍቷል፣ ስልክ የላቸውም፣ ስለ መስኮቷ ሳስረዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። የተኙም መስሎኝ ነበር።

"ልጄ፣ የኛ የመቅደሱ መጋረጃ ሲዘጋ ነው ሲገለጥ የምትመጪው?" አሉኝ።

"ሁለቱንም አያለሁ፣ አባ።"

"እኮ። መግለጫ ሰዓት የሌለው መጋረጃ ግድግዳ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስትሰሚ ኖረሻል። ስሙን ሰውረሽ ጸልዩለት ብትይን፣ ማንን ብለን እንጸልይ? ደግሞ የሞተን ሰው የትኛው ደብተራ ይደግምበታል? ያ ሁሉ አልፎታል።" ዓይናቸውን ገልጠው ጨመሩ። "ያ ልጅ ግን አልሞተም። ለሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

ከቤታቸው ወጥቼ አጥር ሥር ቆሜ ለስርጉት ደወልሁና ግለጪው አልኋት። የዚያኑ ዕለት ገለጠችው። ግን መልእክተኛው በገዛ ጊዜው ነው የሚዞረው፣ ሳምንትም ወርም ሊፈጅ ይችላል አለችኝ። ታኅሣሥ ገብቷል። የሙት ዓመቱ ጌሾ ተወቅጦ አልቋል። አንድ ዓርብ ፈለግሁ፤ ባል መላሾቹ። ሁለተኛው ዓርብ ፈለግሁ፤ አሁንም እነሱ። እንዲያውም ፊታቸውን ለመድሁት፤ ሰላም ልላቸው ምንም አልቀረኝ። በሦስተኛው ዓርብ፣ የጨው ተራው ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከሁሉም በላይ የኔታ መጡ። ስማቸው፣ ዕረፍታቸው፣ "አዳነ ሆይ" የሚለው ቃል። ከሥራቸው ያ ባል መላሽ ተቀምጧል። መለስሁላት የሚል ይመስላል።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ውሻው በጮኸ ቁጥር ቀና ማለት አሁን የእኔ ተራ ሆነ። ልደት አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ውሻው ጮኸ። ጠጉሩን ሽበት ጣል ጣል ያደረገው ሰው አጥሩ ላይ ቆሟል፣ አይገባም። አዳነ ነው። ግባ ስለው፣

"እሜቴ፣ ጽሑፉን አንብቤ ነው የመጣሁ፤ መፈታቴን ከአፍ ሳልሰማ ግን እግሬ ቤትዎን አይረግጥም" አለኝ።

"የኔታ ፈትተውሃል። ከበሩ ላይ ቆመው፣ በራሳቸው አፍ" አልሁት።

መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ለካ ያን ያህል ዓመት እዚያው እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ገብስ እያረሰ ይኖር ነበር። ድጓ ለማንም አላስተማረም። ወደ ከተማ በወጣ ቁጥር፣ ስርጉት ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ የመምህሩን ስም ይፈልግ ነበር። ሳያገኝ ሲቀር ደስ ይለው ነበር። "ዛሬ ሰው ሲሞት ፎቶው ሳይውል ሳያድር ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ የኔታ ስለሌሉበት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ ተቀይመውኛል እንጂ አሉ እል ነበር" አለኝ። እኔ በመስኮቷ ስሰውራቸው፣ እሱ ከመሰወራቸው የተነሣ በሕይወት አኖራቸው። ለአንድ ዓመት ያህል የኔታ እስቴ ውስጥ አልሞቱም ነበር። ይህን ስሰማ ያጠፋሁት ጥፋት ይሁን የሠራሁት ደግ ነገር ይሁን እስካሁን አለየልኝም።

አባ ገብረ መድኅን ተጠርተው መጥተው "እግዚአብሔር ይፍታ" አሉት። ከዚያ ብቻ ነው ከጋቢው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ ያወጣው። ራሱም አንድ ቀን አዳምጦት አያውቅም፤ ግዝቱ ለሌላ ሰው ነው፣ ለራስህ አይደለም ያለው ሰው አልነበረም። ቻርጅ እስኪያደርግ ጠበቅን። ከዚያ አዳነ ከፈተው።

የኔታ ያዜማሉ። ያ የለሰለሰ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሻክር ድምፅ። ከዚያ በመሐል፣ ከሩቅ፣ አንዲት ሴት ትጮኻለች፦ በሬው ገብስ ውስጥ ገባ፣ የዚህ ቤት ወንዶች ዓይናቸው የት ነው። እኔ ነኝ። የኔታ ዜማውን አቆሙ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማል። ከዚያ የኔታ በዚያ ድምፅ፣

"ቆዩ፣ ትጨርስ። እኔ ያላስተማርኋት ዜማ ይህ ብቻ ነው" አሉ።

አዳነ አሁን ወንበር ዘርግቷል፤ ተማሪዎች አሉት፤ ስልክ ይዘው ሲመጡም አይቆጣም አሉ። እኔ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ገበያ እሄዳለሁ። በርበሬ ሻጯ ወደ ልማዷ ተመልሳለች፤ ምርቃት አትሰጠኝም፤ እኔም በውስጤ እመርቃታለሁ።

እንግዲህ እዚህ ድረስ የዘለቃችሁ፣ ተቀምጣችሁም ይሁን ቆማችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምትነኩት ፎቶ፣ የምትከፍቱት መስኮት የለም። ስመ ጥምቀታቸው ወልደ ሰንበት ነው። ይኸው ከገጹ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን የተሳለማችሁ ቀን ወልደ ሰንበት በሉና፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን በሉልኝ።